ረጋ ወይ?

የታርቱ ወንዝ ጠጥሮ ሰው በላዩ ሲሄድ፣
ከየጣሪያው ጫፍ ላይ የበርች ጭስ ሲሰደድ፣
ሽማግሌው ሄልዱር ቦርሳውን አሸክሞ
ወሰደኝ ከአንድ ትምህርት ቤት፤ አሮጌ ፒያኖ አዳራሽ ውስጥ ታሞ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከሙዚቃ ኮሌጅ በፈተና ወድቄ፣
እጄን ከነጓንቱ ኪሴ ውስጥ ደብቄ፣
«ሌላ ሥራ እስካገኝ» ብዬ ነው የቀረብኩት፤
እሱም አላነሳው፣ እኔም አልነገርኩት።

ክዳኑን ከፈተ። አቧራ። የደረቀ የእሳት እራት።
አንድ የልጅ ጸጉር ማስያዣ፤ ዛሬ የማይገዛ ሳንቲም፣ ሦስት ወይ አራት።
«ለአንዲት ድምፅ» አለኝ «ሦስት አውታር ይወጠራል፤
ሲጣሉ ያስታውቃል፣ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤
ሲታረቁ ግን ጸጥ። አንድ ይሆናሉ።
ያንን እርጋታ ነው ሰዎች ቅኝት የሚሉ።»

መቃኛ ቁልፉን ሰጠኝ። የእንጨት እጀታው
የሱን መዳፍ ይዟል፤ ጎድጉዷል ቦታው።
የኔ ጣት አልሞላውም፤ እንደ ሰው ጫማ ሰፋኝ።
«ይለመዳል» አላለም። ጥቁር ዳቦውን እየቆረሰ፣ «ሳቢ» ብቻ አለኝ።

ሳብኩ፤ አለፈ። መለስኩ፤ አነሰ።
አንዴማ እጄ ላይ አውታሩ ተበጠሰ፣
ጉንጬን ገረፈኝ ልክ እንደ አለንጋ።
ሄልዱር አልተቆጣ፣ አልሳቀ፣ አልሰጋ፤
እጅጌውን ሰብስቦ አሳየኝ ከክርኑ በታች ሦስት ነጭ መስመር፤
«ይሄ የኔ ጥፋት፤ ይሄ የዝገት፤ ይሄኛውን እንጃ» አለ፣ አዲስ አውታር መጠምጠም ሲጀምር።

ከዚያ ወዲያ በየድምፁ፣ ወደ ላይኛው ጥግ ስንደርስ በተለይ፣
ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይጠይቀኝ ነበር፦ «ረጋ ወይ?»
«ረጋ» ስል ይቀጥላል። «አልረጋም» ስልም ያው፣ ፊቱ አይለወጥም።
በዚያ ቁር ላብ ያጠምቀኛል፤ ጣቴ አይታዘዝም።
ያ የጣለኝን መርማሪ በሱ ፊት ውስጥ አየሁ፤
እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ እያልኩ በልቤ ስንት ቀን አማሁ!

ሦስት የበረዶ ወራት፤ ቮሩ ላይ በጠዋት፣ ኤልቫ ላይ በማታ፤
የመዋለ ሕፃናቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን ሚስት፣ የጸሎት ቤቱን ፒያኖ ስንፈታ።

አንድ ቀን በየካቲት፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣
ቀይ ፍሬ የሚለቅም የወፍ መንጋ ከራሳችን በላይ ሲንጫጫ፣ ዛፉ እስኪጨነቅ፣
«እንዴት ይጮሃሉ!» አልኩት። ቀና አለ።
ዛፉን አየ። እኔን አየ። «የሚጮህ ነገር አለ?»

ስንት ዓመቱ ይሆን ያ ጥግ ከጨለመበት?
ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ በሩን ከዘጋበት?
ፈተና አልነበረም። ጥያቄ ነበር፤
መልሱን ያጣ ሰው፣ ከወደቀች ልጅ አጎንብሶ ሲበደር።
ሦስት ዓመት በኔ ጆሮ ተማምኖ፣
ስሙን አስይዟል፣ አርባ ዓመት የለፋበትን ስም፣ በየፒያኖ።

አውቶቡሱ መጣ። ያንን ነገር ዳግም አላነሳነውም።
ቲኬቱን እኔ ከፈልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ እሱም አልከለከለኝም።

ዛሬ ቁልፉ የኔ ነው፤ ጎድጓዳው ሌላ ጎድጓድ ደርቦ።
ልጁ ኦትማር ይባላል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ይመጣል አርፍዶ፣ ተርቦ።
እኔ ግን እሰማለሁ፤ ወፉንም፣ የላይኛውንም ጥግ፤
እያወቁ መጠየቅ ደግሞ ያ የመርማሪ ነው ወግ።
ስለዚህ ትናንት ኮቴን ደርቤ ከአዳራሹ ወጣሁ፤
ወፍራሙን በር ዘግቼ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከልጆች ቦት ጫማ መሐል፣ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።
ምንም አይሰማም። የገዛ ልቤ ብቻ።
ስሜ እዚያ ውስጥ ነው፤ ከኦትማር እጅ፣ ከዚያች መፍቻ።

በመጨረሻ አንኳኳሁ። «ረጋ ወይ?»
ቶሎ አልመለሰም። ብረት ሲንቋቋ፣ ሲቆም።
«ገና ነው» አለኝ ከውስጥ። «ትንሽ ቆዪ።»