አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ

ሂርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ቆርቆሮው በዛገ መጋዘን፣
እኔ ነኝ ሚዛን ጸሐፊው፤ ስመዝን ኖሬ የምመዘን።

ሦስት መቶ ሃያ ጆንያ ቡና፣ ሎት ቁጥር አሥራ ሰባት፣
ከጌራ ጫካ የወረደ፣ የተለቀመ በስንት ጣት፣
ኤልሲው ተከፍቶለት፣ ዋጋው ተቆርጦለት፣
ሸምሱ መኪናውን አስጠግቶ ሸራውን ዘረጋለት።
"እኔ እስከ ጅቡቲ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ለባሕሩ ጌታ"
ብሎ ሞተር ሲያስነሳ፣ ስልክ ጮኸ በዚያች ማታ።

"መርከቡ አይመጣም" አሉ፤ "መንገድ ቀይሯል መርከቡ፤
ቀይ ባሕር ላይ እሳት አለ፤ አፍሪካን መዞር ነው አሳቡ።
ባዶ ኮንቴይነርም የለ፤ ኢንሹራንሱም ሰማይ ወጣ።"
ሸምሱ ሞተሩን አጠፋ።
ያን ሌሊት ዝናብ መጣ።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም።
የማውቀው ውኃ አዌቱ ነው፣ ከተማውን ለሁለት ከፍሎ፣
ፌስታልና ቅጠል አዝሎ፣
በድልድዩ ሥር የሚያልፍ፣ እንዳኮረፈ ዝቅ ብሎ።
ታዲያ ያላየሁት ባሕር እኔን በምን አወቀኝ?
እጁን ሰዶ እስከ ሂርማታ፣ ከሚዛኔ ሥር አነቀኝ?

ስድሳ ነበሩ ለቃሚዎቹ፤ ሰኞ ሠላሳ፣ ሐሙስ አሥር፤
ደጊቱ ወንበሯን ገልብጣ አኖረችው ግድግዳው ሥር።
"ስትጠሩኝ አቀናዋለሁ" አለች።
አባ ዲኮ ከጌራ መጣ፣ ቀሪ ገንዘቡን ሊጠይቅ፤
"ቤቴ ግማሽ ክዳን ነው" ብሎ እሱ ሳቀ፤ እኔ አቃተኝ መሳቅ።
ባንኩ ወለዱን ይቆጥራል፤ ለባንክ ክረምት የለው፤
ባለቤቱ ስልኩን ያያል፦ የኒውዮርክ ዋጋ ስንት ነው?

በዚህ መሀል ሥልጠና ተባለ፤ ሆቴል አዳራሽ ተጠራን፤
ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ በቀይ ማርከር አስተማረን።
"የአቅርቦት ሰንሰለት" ጻፈ፤ ቀለበት በቀለበት አያያዘ፤
"ስጋትን የምንለካው በቀን ነው፤ ዕቃው ስንት ቀን ተያዘ?"
በሰሌዳው ግራ ጥግ ነጥብ ጣለና "ይህቺ ጅማ ናት" አለን፤
ሸምሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እዚያች ውስጥ ስንት ሆነን አለን?"
ሳቅን። ሻይ መጣ። አበል ፈረምን።

በአርባ አንደኛው ቀን፦ "መርከብ ተገኘ፤ ዛሬውኑ ጫኑ!
ካለፈ ቦታው የሌላ ነው፤ ውሉም ይፈርሳል በቀኑ።"
መለኪያውን ከፈትኩ። ከጆንያው ሆድ አንድ እፍኝ ዘገንኩ።
አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።
ሌላ ጆንያ። ሌላ እፍኝ።
አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።
ውሉ ከአሥራ ሁለት አይለፍ ይላል። ክረምቱ ግን ውል አላነበበም፤
በዛገው ቆርቆሮ ሾልኮ፣ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።
ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሟል። ምንም አላለኝም።
ሰዓቱን አየ።
እኔም የተገለበጠውን ወንበር አየሁ፤
የአባ ዲኮን ግማሽ ጣሪያ፣ የራሴን የሦስት ወር ኪራይ፤
ከዚያ እጄ ጻፈች፦ አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ።
ነጥቧን ስጥል እስክሪብቶው ወረቀቱን ወጋው።

ሸምሱ የግቤን ቁልቁለት ወረደ፤ ሚሌን፣ ጋላፊን አለፈ።
ደጊቱ ወንበሯን አቀናች። ለዘጠኝ ሳምንት።

ከዚያ ከሃምቡርግ ደብዳቤ ደረሰ፦ ጆንያው ሲፈታ ሻጋታ ሸተተ፤
ከዋጋው ሲሶው ተቆረጠ፤ ቀጣዩ ውል በዚያው ሞተ።
ምክንያት በሚለው ሣጥን ውስጥ "የባሕር ጉዞ መርዘም" ተሞላ።
እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ባሕሩም አፍ የለው፣ አልተሟገተ በኋላ።
ወንበሩ ዳግም ተገለበጠ።

አሁን ማታ ማታ አዌቱ ድልድይ ላይ እቆማለሁ።
ያ ልጅ ማርከሩን ይዞ ቢመለስ፣ አንድ ነገር እነግረዋለሁ፦
ቀለበቶችህን ደምስስ፣ ቀስቶችህን እንደ ወደድክ ጠምዝዝ፤
ያቺን ነጥብ ግን አትንካት።
ነጥቧ ልክ ናት።
የዋሸው ግራና ቀኟ ነው።