ልጣፍ

ጎማ ነው ሙያዬ፤ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፤
የሚመጣው ሁሉ ይመጣል፣ ምስማር ውጦ፣ ተቀዶ።
መጀመሪያ እፍቀዋለሁ፣ በሻካራ ሞረድ ገላውን፣
እስኪቆስል፣ እስኪያጣ ድረስ የፋብሪካ ወዙን።
ያልቆሰለ ነገር አይይዝም፤ ማስቲሹን በጆግ ብታፈስ
ይላጣል፣ ይቀራል መንገድ፣ ሐረጎ ዳገት ሳይደርስ።
ይህን ለለማጅ ሳስተምር ድፍን ሃያ ዓመት አለፈኝ፤
በሚስቴ ሆድ ግን ይኸው ሕግ መኖሩን ማንም አልነገረኝ።

«አንጀቴ ተጣበቀ» አለች ጦይባ፣ አንድ ሰኞ ማታ፤
እኛ ዘንድ ፍቺው ረሃብ ነው፤ ዳቦ አቀረብኩ በገበታ።
አልጎረሰችም። ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ አለች፣
አረንጓዴ፣ እንደ ሐሞት ያለ፣ ባልዲው ላይ አስመለሰች።

ሐረጎ ጉም ለብሷል። ከፊት ሲኖትራክ ተገትሯል፣
ከኋላው የኛ አምቡላንስ፣ ከኛ ኋላ ሰልፉ ተጠምጥሟል።
ተራራው ሆድ፣ መንገዱ አንጀት፣ አንዲት እጥፋት ላይ ታንቆ፤
ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ እሱም ከኔ እኩል ተጨንቆ።
«አብሽሪ» እላታለሁ። እሷ መታጠፊያ ትቆጥራለች።
አሥራ አንደኛው ላይ ዝም አለች።

ደሴ፣ በጦሳ እግር ሥር፣ ወጣቷ ሐኪም አስቀመጠችኝ፣
በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ፣ በእስክሪብቶ ሳለችልኝ፤
«ልጇን የወለደችበት ቀዶ ጥገና፣ ያ ጠባሳ፣
አንጀቷን ይዞት ኖሯል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሳይረሳ።
ሕዋስ ሲፈጠር መያዝ ያውቃል፤ የሚይዘው ካጣ ይሞታል፤
ሲቆስል ደግሞ፣ ምስኪን፣ ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል።»

የሚይዘው ካጣ ይሞታል።
ነጃት ጅዳ ከሄደች ድፍን ሦስት ዓመት ሆናት፤
መጀመሪያ የወጣችበት በር፣ ይኸው እናቷን ያዛት።

ሦስት ሰዓት ኮሪደር ላይ፣ የግድግዳ ቀለም በጥፍሬ ላጥኩ፤
ከሥሩ ሌላ ቀለም አለ፣ ከሥሩ ሌላ፤ ዝም ብዬ ቀጠልኩ።
«አላቀቅኩት» አለች ስትወጣ፣ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ፤
«ግን ያላቀቅኩበትም ቁስል ነው፤ ሊይዝ ይችላል ሲረጋ።»
ጎሚስታ አይደለሁ? ገባኝ።

ንጋት ላይ ለማጄ ደወለ፤ «ጋሼ፣ ማስቲሹ አልቋል» አለ።
የምመልሰው ጠፋኝ።

ጦይባ ነቃች። ስልኳን ፋሻው ላይ አስደገፈች።
«ነጃት ደወለች?»
«አልደወለችም።»
መዳፏን ስፌቱ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ ጫነች።
«ይያዘው» አለች።