ሰኞ ሳይደርስ

ዲሊስ ሻንጣዋን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች፤
መሮውን አወጣች፣ አሰበች፣ ከተተች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዌልስ ካፊያ ሥር
ስትቀርጽ የሟች ስም፣ የሟች ዕድሜ ቁጥር፣
በፊደልና በፊደል መካከል ያለችውን አየር
በአውራ ጣቷ ጥፍር ነበር የምትለካት።
ሰኞ፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ፣
ስለዚያች አየር ማስተርስ ትጀምራለች።

ትናንት፣ ልጇ ባዋሳት ኮምፒውተር ላይ፣
አንድ ፊደል ስታ አንድ ቁልፍ ነካች፤
ስህተቱ እንዳልነበረ ሆነ።
ደነገጠች።

ጓሮ፣ ፊቱን ወደ ግንብ ያዞረ ድንጋይ አለ፦
አንዲት ፊደል የበዛችበት የግዊልም ስም።
ወረቀት ለጠፈችበት፣ በእርሳስ ጎን አሸችው፤
ጥፋቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ከነጭረቱ።
አላጠፋችውም።
አጠፈችው፣
ከመሮው ጎን።