ከጠርሙሱ ሥር

ላንድስሁት ከተማ፣ ከኢዛር ዳር ዳሩን፣
ሱቅ ጠባቂ ነኝ፤ ብቅል እመዝናለሁ፣ እሸጣለሁ እርሾውን።
ጠማቂ ሲመጣ እጁን ይከታል ከብቅሉ፣
ያሸታል፣ ይቆረጥማል፤ ጥርሱ ነው ሚዛኑ፣ አያምንም በቃሉ።

እኔም እጠይቃለሁ፦ «ሙዝ ነው ወይስ ቅርንፉድ?»
አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ግራ ይገባዋል፤ እኔ ግን አልቀልድ።
የስንዴ ቢራ ጣዕሙ ከስንዴው አይደለም፤
ስንዴው አረፋ ይሰጣል፣ ድፍርስነቱንም፤
ሽታው ግን የእርሾ ነው፤ ይህን ሳልጠይቅ አልመዝንም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ሽማግሌው ክሳቨር ገቡ፣ ጢማቸው እንደ አረፋ፤
በጋዜጣ ጠቅልለው አንድ ጠርሙስ አመጡ፣
ከሚዛኑ አጠገብ እንደ እንቁላል አስቀመጡ።

«ስንዴውን አውቃለሁ» አሉ፣ «ስድሳ እጅ ከመቶ፤
ቀሪው የገብስ ብቅል፣ ነጣ ያለው ተለይቶ፤
ሆፕሱ ከሀለርታው፣ ጥቂት፣ ለወጉ ያህል ገብቶ።
መፍጨቱ የኔ ነበር፣ ማማሰል፣ እሳት መቆስቆስ፣ በርሜል መሸከም፤
እርሾውን ግን ቫልቡርጋ፤ ከየት እንደምታመጣው ጠይቄ አላውቅም።
አርባ አንድ ዓመት!
አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ይቺ መጨረሻዋ ናት፣ አራት ዓመት የቆየች፣
ከጓዳ መደርደሪያ፤ ከሥሯ ዝቃጭ ያዘች፤
ምናልባት...» አሉና ተዉት።
ምናልባት ብዬ እኔም ተቀበልኳት።

የሞተ እርሾ አውቃለሁ፤ እንደ አሸዋ ይረጋል፤
ሕያው ግን ሲነቀንቁት እንደ ጭስ ይነሳል።
የሳቸው ሁለቱንም መሰለኝ፤
እምቢ ማለት አቃተኝ።

የጠርሙሱን አፍ በእሳት ለብልቤ፣
የብቅል ውሃ አፍልቼ፣ አብርጄ፣ ብልቃጥ ውስጥ አጠራቅሜ፣
ከጓሮው ክፍል፣ ከማሞቂያው ጎን አኖርኩት፤
ማታ በር ስዘጋ፣ ጠዋት በር ስከፍት፣ እንደ ታማሚ ጎበኘሁት።

ሰኞ ዝም። ማክሰኞ ዝም።
ረቡዕ አንዲት አረፋ፤ ተነፈሰ ስል፣ ተመልሳ አልታየችም።

ክሳቨር በየቀኑ ይመጣሉ፣ ምንም ላይገዙ።
«በርሜሉን የት ነበር የምታኖረው?» አልኳቸው።
«ከደረጃው ሥር፣ ብርዱ ውስጥ። ለልጃችን ሠርግ ጊዜ ግን፣ በሐምሌ፣ ወጥ ቤት አወጣችው።»
«እንግዲያው አንድ እርሾ ነው፤ በአያያዙ ይለያል፤
ብርድ ሲነካው ቅርንፉድ፣ ሲሞቀው ሙዝ ሙዝ ይላል።»
«እንደ ራሷ ነዋ!» አሉ።
ያን ዕለት ነው የሳቁ።

በአሥረኛው ቀን ሳሸተው ኮምጣጤ ሆኗል፤
ከብልቃጡ መድፋት ይልቅ መንገሩ ከብዷል።
«አልነቃም» አልኳቸው።
ኮፍያቸውን አዞሩት፣ ሁለቴ፣ በጣታቸው።
ከዚያ መደርደሪያውን እያዩ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣
«እሺ» አሉ፣ «ከደረጃ ሥር የምትኖር ስጪኝ፣ ብርድ የምትችል፣ ሠራተኛ።»

ከማቀዝቀዣው አወጣሁ አንድ እሽግ፤ ዋጋዋ ስድስት ዩሮ።
«ቅርንፉዱ እንዲጎላ ብቅሉን ያሳርፉት፣ ሩብ ሰዓት፣ በአርባ አምስት ዲግሪ፣ ተቆጥሮ።»
በቀኝ መዳፋቸው ላይ ጻፉት በእስክሪብቶዬ።

በጥር መጨረሻ፣ በረዶው ጣራ ላይ ሲነጣ፣
ሁለት ብርጭቆ ይዘው መጡ፣ ወገበ ቀጭን፣ ረጃጅም፣ ቆመን ልንጠጣ።
ጠርሙሱን አንከባለሉ፣ ዝቃጩ ከእንቅልፉ እንዲነሳ፤
ቀዱ፤ ወርቁ ደፈረሰ፤ አረፋው ጣት ያህል ቆመ፣ ሳይወርድ፣ ሳይሳሳ።

ቅርንፉድ ነው፣ ጥርት ያለ፤ ከወዲህ ማዶ ደረሰኝ።
«እንዴት ነው?» ማለት ፈለግሁ፤ ፊታቸው ከለከለኝ።

ጠጡ።
ዓይናቸውን ጨፈኑ።
ደግሞ ጠጡ።

«የሷ አይደለም» አሉ።

ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤
ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ፤
ከሥሩ የቀረውን አዩት፣ ያቺን እፍኝ አተላ፤
«ይቺን አልደፋትም» አሉ፣ «ጠርሙስ ስጪኝ፣ ንጹሕ፣ ሌላ።»