ፕላስቲክ በረዶ

ታኅሣሥ ነው ወሩ፣ ፀሐይ አናት ትበሳለች፣
ቫልፓራይሶ ከነወደቧ እንደ ሻማ ትቀልጣለች፤
ዶን ራሚሮ ግን፣ የሱቁ ጌታ፣
ጥጥ ይለጥፋል በመስኮቱ ላይ ጠዋትና ማታ።
«በረዶ ነው» ይላል፣ «የገና በረዶ»፣
ሙጫው በሙቀት አልቦት ሲወርድ ተንዶ።
«ፈገግ በይ» ይለኛል ባጠገቤ ሲያልፍ፣
ጥርሴ ይስቅለታል፤ እግሬ ነው የሚያኮርፍ።

ሥራዬ መጠቅለል ነው፤ የሰው ፍቅር በወረቀት፣
ሪባኑን ማጠፍ፣ መቀሱን ማንሸራተት፣
ጫፉን እንደ ሙሽራ ፀጉር መጠምጠም በጥንቃቄ፣
ወረቀት ጣቴን ሲሰነጥቀኝ ደሙን መደበቅ በሳቄ።

ዛሬ አንዱ መጣ፣ ከረባቱን እያላላ፣
ሁለት ሽቶ ገዛ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሌላ።
«ካርዱን አትሳሳቺ» አለኝ ግንባሩን እየጠረገ፣
አልተሳሳትኩም፤ እጄ ግን መሳሳት እንዴት ፈለገ!

ከሱ ኋላ ሕፃን ቆመች፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት፣
ሳንቲም በካልሲ ቋጥራ፣ ማበጠሪያ ለእናት፤
አራት መቶ ፔሶ ጎደለ፣ ቆጥረን ስናበቃ፣
ከኪሴ ሞላሁላት፤ ደግ ሆኜ አይደለም በቃ፣
ሰልፉ ረዝሞብኝ ነው።
(እንዲህ ልበል እንጂ፣ ያቺን ማበጠሪያ
ከሽቶዎቹ አስበልጬ ነው ያሰርኳት፣ በወርቅማው ማሰሪያ።)

እረፍት ላይ ስልክ ጮኸ። ኤዱቪና ናት፣ የባሌ እህት፤
«አሥራ አራት ሆነናል፤ ዳቦው ያንቺ ነው፣ ድንች ሰላጣም ጨምሪበት።»
«ወንበርስ?» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ስልኩን ትዘጋለች፤
ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እየሳቀች ትጭነኛለች።

ልጄ ሊሳንድሮ ከሰሜን፣ ከመዳቡ ጉድጓድ ሆኖ፣
«ተረኛ ነኝ እማ» ይላል፣ ቀይ ልብ ከሥሩ ተጭኖ።
የስልክ ልብ ምን ያደርግልኛል? አይበላ፣ አይታቀፍ፣
ግን አላጠፋሁትም፤ ሦስቴ አየሁት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ስደገፍ።

እና ኦስባልዶ። አይ ኦስባልዶ!
አሥራ አንድ ቀን አፋችንን ዘጋን፣ በአንድ ሲሊንደር ባዶ።
«አስሞላ» አልኩት፤ ረሳ። ሽንኩርቱ በግማሽ ቀረ፣
«አንተ ሰውዬ ምን ትረባለህ?» አልኩ፤ በሩን ደርግሞ ተሰወረ፤
ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንኪያ ብቻ ነው የሚያወራ፣
እሱ ከሬዲዮው ጋራ፣ እኔም ከካውያዬ ጋራ።

ፍቅር ምንድን ነው ቢሉኝ፣ በተለይ በዚህ ሰሞን፣
ጫፉ የጠፋ ፕላስተር እላለሁ፤ በጥፍር የሚዳበስ፣ ዓይን የደከመ እንደሆን፤
አንዳንዴ ታገኘዋለህ፤ ስትስበው ይቀደዳል፣
እንደገና መዳበስ ነው እንጂ፣ ሌላ ምን ይደረጋል?

ማታ በሦስት ሰዓት ሱቅ ዘጋን።
ወደ ኮረብታው የሚያወጣን አሳንሰር ዛሬም ተበላሽቷል፣
«ከገና በኋላ ይሠራል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተሰቅሏል።
የየትኛው ዓመት ገና? አይልም።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ፣ ፌስታል በግራ በቀኝ እጄ፣
በየደረጃው አንድ ሰው ሰደብኩ፣ ከራሚሮ ጀምሬ እስከ ከንቲባው ሄጄ።

መቶኛው ላይ ተራው የኦስባልዶ ነበር፤ ስድቤን አፌ ላይ አሟሸሁ፣
ቀና ስል፣ እግሩ በሽቦ የታሰረውን የኩሽናዬን ወንበር አየሁ።
ከጎኑ ቆሟል፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ባትሪ ይዞ፣
ፊቱን ወደ መርከቦቹ መብራት አዙሮ፣ እንዳላየኝ ተክዞ።
ስንት ቆሞ ኖሯል? ቆጠርኩ፤ አራት የሲጋራ ቁራጭ ከእግሩ ሥር፣
«ቁጭ በይ» አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ታምቆ፣ ይህችው ናት የወጣችው ምስጢር!

ተቀመጥኩ። ፌስታሌን ተቀበለኝ። ከኪሱ የቁስል ፕላስተር አወጣ፣
ጫፉን በጥፍሩ ዳበሰ፣ ዳበሰና አጣ።
«ወዲህ በለው» አልኩት፤ ባንዴ አገኘሁት፣ ሥራዬ አይደል!
ጣቴን ጠቀለለው፣ ጎባጣ አድርጎ፤ ራሚሮ ቢያይ ደመወዝ የሚያስቀጣ በደል።

ይቅር አላልኩትም፣ ይታወቅ። እሱም «አጥፍቻለሁ» አላለም፣
ሲሊንደሩስ ተሞልቶ እንደሁ? ያንን ነገር አላነሳንም።
እሱ ወንበሩን አናቱ ላይ ደፍቶ፣ እኔ ባትሪውን ይዤ ወጣን፤
«መቶ አሥራ ሦስት ይቀራል» አለ።
«አሥራ ሁለት ነው!» አልኩት፤
እስከ በራችን ድረስ በዚህ ተጣላን።