አሥራ አንድ ደቂቃ

ጉም ሳይነሳ ገና ከሱሉልታ ሜዳ፣
ከጎሚስታ ቤቴ ቆመች አንዲት እንግዳ።
እጇ ላይ ሁለት ዘንግ፣ እግሯ ላይ ግን ሌላ፤
ጫማም ጋሪም ያልሆነ፣ ጎማ ያለው ጣውላ።
አንደኛው ጎማ ወልቋል። በእጇ አሳየችኝ፤
እሷ አማርኛ የላት፣ እኔ እንግሊዝኛ የለኝ።
ከሞተ ባጃጅ ላይ ኩሽኔታ ነቅዬ
ገጠምኩላት። ሄደች። ሸኘኋት ጉድ ብዬ።

አስፋልቱን በዘንጓ እንደ ታንኳ ስትቀዝፍ፣
አይሱዙው ሲያስጮህ፣ ውሻው ሁሉ ሲከንፍ፣
ቀጥ ብላ ወጣችው የእንጦጦን ዳገት።
ጉኔል ነው ስሟ፤ ሰፈሩ ግን "ጉንዳን" አላት።

ዓመት በዓመት መጣች። አማርኛዋም መጣ፣
ትንሽ ትንሽ፣ እንደ ጎማ ንፋስ፣ በቀዳዳ እየወጣ።
"አባቴ ግንድ ቆራጭ። ጥር ላይ ፀሐይ የለም።
ትምህርት ቤት በጣውላ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ በጨለማ ዓለም።
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለአገሬ ተመረጥኩ።
አሥራ አራት ዓመት ሮጥኩ።"

አንዴ፣ በሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ስትመራ ሳለች፣
በመጨረሻው አቀበት ዘንጓ ቀጭ አለች።
"አራተኛ" አለችኝ።
ሌላ ሰፈር ቢሆን ታብራራ ነበረ።
እዚህ ማን ይጠይቃል? ከኬላው እስከ ጫካው በየጎሁ የሚሮጥ
ግማሹ መንደሬ አራተኛ ሆኖ የቀረ።

ውድድሩን ተወች። ከቶለሹ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየች።
እውነተኞቹ ጣውሎች፣ ጎማ የሌላቸው፣
ግድግዳ ላይ ዋሉ፤ ሸረሪት አደራባቸው።

አምና ሐምሌ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰማዩ ተቀደደ፣
በረዶው እንደ ሽንብራ ከጆንያ ወረደ።
ቆርቆሮው ጮኸ። የጉተማ ባቄላ እንዳለ ወደመ።
ሜዳው ነጣ። ከብቱ ቀንዱን ደፍቶ ቆመ።
ያኔ ወጣች ጉኔል፣ ጣውሎቹን ተሸክማ፣
በስልሳ ሁለት ዓመቷ፣ ያለ አንድም ጎማ።
ከግቢው እስከ ወንዙ ሸርተት፣ ደግሞ ሸርተት፤
ሰዓቴን አየሁት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየላት።
ከዚያ ሣሩ ብቅ አለ።

ስትመለስ ጉተማን አየችው፣ ከባቄላው መሃል።
ሳቋን ዋጠች።
"ይቅርታ" አለችው፣ እሷ እንዳዘነበችው ሁሉ።

ማታ መብራት ጠፍቶ መጣች። ጣውላውን ጠጠር ቧጭሮታል።
"ለዚህ ማጣበቂያ የለኝም" አልኳት። "ሻማ ይበቃል።"
የበራውን ወሰደች፤ እፍ አለችው፤
በጨለማው ታሸው ጀመር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አባቷ እንዳሳያት።
"ለመቼ?" አልኳት።
"ሐምሌ ይመጣል።"