የጠራው ማን ነው?

ጉም ለብሰን ተነሣን፣ ከቶርስሃቭን ርቀን፣
ዓምና የጣልናትን የሣጥን ወሬ ናፍቀን።
ስምንት መቶ ሜትር ጨለማው ውስጥ ገብታ፣
ጆሮዋን ከጭቃው፣ ካለቱ አስጠግታ፣
ዓመት ሙሉ ሰማች፣ ቀን የለ፣ የለ ማታ።

«መልሕቅሽን ፍቺ» ብለን በድምፅ ጠራን፤
የመልሷ ሰዓት ግን ከስሌት አጣላን።
ድምፅም መንገደኛ ነው፦
ጅረት ከኋላ ሲገፋው ቀድሞ ይደርሳል፣
ፊት ለፊት ሲገጥመው አምሽቶ ይመለሳል።
ካሰብነው ግማሽ ማይል ርቃ ብቅ አለች፤
በሃኑስ ዐይን ነው፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት፣ መጀመሪያ የታየች።

ሌሊቱን ገለጥኩት፣ መስመር በመስመር፤
በየስድስት ሰዓት ከሩቡ የሚርድ ምድር!
አንድ ወፍራም ዜማ፣ በላዩ እጥፉ፣ የእጥፉም እጥፉ፣
ሰዓት ጠብቀው መጥተው የሚያልፉ።
«እሳተ ገሞራ ነው!» አለ ባይኒር፣ ዐይኑ እያበራ፤
ወዲያው ስም አወጣ፣ ላልታየ ተራራ።
አልዋሽም፤ የኔም ስም ከስሙ ተጣብቆ
በመጽሔት ላይ ታየኝ፣ በቀለም ደምቆ።

ሃኑስ የዓሣ ሾርባ ይዞ ገባ።
ሰባ አንድ ዓመቱ፤ አርባውን የበላው የመንጠቆ ገመድ።
ሞገዱን ከጎን አየው፣ እንደ ሰው ደብዳቤ።
«ስንት ሰዓት ላይ ነው?»
ነገርኩት።
«ውኃው ሲከር ነዋ! ያኔ ገመድ ያንጎራጉራል፤
እጅሽን ብታሳርፊበት እስከ ክርንሽ ይነዝራል።
ያንቺስ ሣጥን ምን ገመድ አላት?»

ሾርባውን ትቼ ወጣሁ፣ ወደ መርከቡ ጀርባ፤
ጨው ያንጠባጥብ ነበር ከቢጫዋ ካባ።
አናቷ ላይ ዘንግ አለ፣ የሬድዮ አንቴና፣
ከክንዴ የማይረዝም፣ ቀጭን፣ ቀና።
በጥፍሬ ነካሁት።
ዘፈነ።

ለካ አንድ ክር፣ አንድ ደጋን፤ አዝማሪው ውኃ ነው፣
ከሰሜን በረዶ ተነሥቶ ሸለቆውን ታክኮ የሚያልፈው፣
ጨረቃ በሳበችው ቁጥር ርምጃ የሚጨምረው።
ምድርማ ዝም ብላለች።

ዜማውን ከመዝገቡ ለማጠብ ሦስት ቀን ፈጀሁ።
የቀረው ጥቂት ነው፦ ሁለት መርከብ፣ አንድ ዓሣ ነባሪ፣
ከአይስላንድ ወገን የመጣች፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ያልሞላች፣
እውነተኛ መንቀጥቀጥ።
ባይኒር አኮረፈ፤ ተራራው ከነስሙ ቀረ።
እጣቢውን ግን አልደፋሁትም፦
በዚያ ጥልቀት የጅረቱን ፍጥነት ለክቶ የሚያውቅ አልነበረንም፤
እሱው ዘንጋችንን ብዕር አድርጎ ራሱን ጽፎ ሰጠን።

ዛሬ ዘንጓ ላይ ገመድ ጠምጥመን፣
(ሃኑስ ነው የቋጠረው፣ በጥርሱ እየሳበ)
መልሰን ለጨለማው ሰጠናት።
አረፋው እስኪጠፋ ቆምን፤ ማንም አልተናገረ።
ከመዝገቡ ጥግ፣ ከቁጥሮቹ በታች፣ በእርሳስ ጻፍኩ፦

ውኃው ሲጠራ፣ ምድር ጠራች አልን፤
ውኃው ዝም ሲል ነው ምድር የጠራችልን።